ቃለ ጉባኤ

ጳጉሜ ሦስት፣ ከሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ ላይ፣
ቆርቆሮው ይደለቃል፣ ተቀዷል ሰማይ።
ሦስት መምህራን በጎን፣ ዲኑ ከመሐል፣
እኔ ከጥግ ሆኜ ብዕሬ ይጽፋል።
የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነኝ፣ ብልቃጥ አጣቢ፣
ዛሬ ግን ጸሐፊ፣ የሰው ነጥብ አሳቢ።

አጀንዳ አንድ፦ ባዮኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው።
(አጀንዳ ሁለት የለም፤ አንዱንም ሁለት ዓመት አስታመምነው።)
የቀድሞው መምህር ለትምህርት እንደወጣ በዚያው ቀረ፤
ተማሪው ከተባዛ ወረቀት ጋር ብቻውን ሲማከር ኖረ።

አመልካቾች ሁለት። ስማቸውን ልጥቀስ፤
ጣጣው ከስማቸው ነው፣ አንባቢ ሆይ፣ ታገስ፦
ይበልጣል ምንይችል።
ይታይሽ አንዳርጌ።

ይበልጣል ቀደመ። ሱፉ የተተኮሰ፣
የማስረጃው ክምር አገጩን የዳሰሰ።
ሰባ ሁለት ስላይድ ይዞ ነበር፤ ጀመረ።
አምስተኛው ላይ መብራት ሄደ። እሱም አብሮ ቀረ።
እሱ ግድግዳውን፣ እኛ እሱን እያየን፣
ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዝናቡን አዳመጥን።
(አልፈርድበትም፤ ጥፋቱ የመብራት ኃይል ነው።
ጨዋ ልጅ ነው፣ ሲወጣ በሩን በቀስታ ነው የዘጋው።)

ይታይሽ ገባች። ከቡሬ በሌሊት የተነሳች፣
የጫማዋን ጭቃ ደጃፉ ላይ አራግፋ የጨረሰች።
ስለ መብራት አልጠየቀችም፤ «ጠመኔ አለ?» አለች፤
ከመሳቢያዬ የወጣችው አንዲት ስባሪ ነበረች።

«እናቴ አረቄ ታወጣለች» ብላ ጀመረች። ዲኑ ሳቁ።
እሷ አልሳቀችም።
«ብቅል ምን ያደርጋል? ዱቄቱ ውስጥ የታሰረውን ስኳር ማን ይፈታዋል?
ኢንዛይም ነው። እናቴ ስሙን አታውቅም፤ ጠባዩን ታውቃለች፦
ሲበርደው ይለግማል፣ ሲፈላ ይሞታል፣ በእጇ ትለካዋለች።»
ስድስት ካርበን ሣለች። ሦስት ሦስት አድርጋ ለሁለት ሰነጠቀች፣
ከግርጌው አስምራ፣ «ትርፍ፦ አራት ኤቲፒ» ብላ ጻፈች።

ለምዘና የተጠራ ተማሪ ከኋላ እጁን አወጣ፦
«መምህርት፣ ሁለቱ ብድር አይደለም ወይ፣ መጀመሪያ የወጣ?»

ዝም አለች።
በእጅጌዋ አጠፋችው።
«ልክ ነህ። ተሳስቻለሁ። ዕዳውን ሳልከፍል ትርፍ ቆጠርኩ።
ና፣ አንተ ጨርሰው።» ስባሪዋን ስትሰጠው አየሁ።
ልጁም ጻፈ፦ ሁለት። እጁ እየተንቀጠቀጠ።
ወደ ቦታው ሲመለስ ቁመቱ የረዘመ መሰለኝ።

ከዚያ ክርክር። መምህር ሸጋው፦ «የመጀመሪያ ዓመት ስህተት!
ይመዝገብ፣ ይቀነስ!» ዶክተር ቢያድግልኝ፦ «ሠላሳ ዓመት
አስተማርኩ፤ እንዲህ ያለ እጅጌ አልነበረኝም» አሉ፤
ሁለት ለሁለት ተከፍለው እስኪመሽ ዋሉ።
ዲኑ ሰዓታቸውን አዩ። «እንግዲህ አንተ ጸሐፊው፣
የኮሚቴውን መንፈስ ባንድ መስመር አጠቃለው።»

እኔ ደግሞ በልጅነቴ ዋሸራ ቅኔ ቤት ሦስት ክረምት
ቆይቼ የኮበለልኩ ነኝ። ያ ልክፍት
ያን ምሽት ተነሳብኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
«ከወረቀት ክምር የጠመኔ ስባሪ ይበልጣል።»
ወደድኩት። ደግሜም አነበብኩት። ፈርመው ወጡ።

የሰው ሀብት ቢሮ ግን ሰምና ወርቅ አይፈታም፤
የሚያነበው መጨረሻውን ነው፣ የሚያምነው ማኅተም።
መስከረም ስምንት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ፦
«ተቀጣሪ፦ ይበልጣል።»
በገዛ ብዕሬ።

ይታይሽ ማስረጃዋን ልትወስድ መጣች። ዓይኗን ፈራሁ።
«ስባሪዋ አለች?» አለችኝ። ሰጠኋት። ሌላ ምን እላለሁ።

ስለዚህ ይህ ማመልከቻ ነው፣ ለሚመለከተው አካል፣
ቢከሩን አጥቤ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ የተጻፈ፦
ጉዳዩ እንደገና ይታይ።

አንዲት ፊደል ጎድላለች። ሆን ብዬ ነው።
የምትፈቱ ሙሉት።